በክር የምትቆም መርከብ

በብዙዎቻችን ቤት ቡፌ ላይ የሚቀመጥ፣ ልጆች እንዳይነኩት የሚከለከሉት፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ብድግ ተደርጎ የሚታይ አንድ ዕቃ አይጠፋም። በአንዱ ቤት የሠርግ ፎቶግራፍ ይሆናል፤ በሌላው ቤት የጠረጴዛ ሰዓት፣ በሌላው ደግሞ ከእናት የተወረሰ ጀበና ይሆናል። በእኛ ቤት ይህን የክብር ቦታ ይዛ የኖረችው ከእንጨት የተሠራች፣ ሦስት ምሰሶ ያላት ትንሽ የሸራ መርከብ ናት። ዛሬ በዚህ አምድ ላነሣ የፈለግሁት ስለ እርሷ፣ በተለይም ስለ ገመዶቿ ነው። «የመርከብ ገመድ ከሴቶችና ከቤተሰብ አምድ ጋር ምን አገናኘው?» የምትል አንባቢ ብትኖር ጥቂት ትታገሠኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከእንዝርት፣ ከመርፌና ከወረንጦ ዘንድ ይደርሳል።

መርከቧን ያመጧት የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ምፅዋ በባሕር ኃይል ሠልጥነው፣ ኋላም በንግድ መርከብ ላይ ሠርተው ብዙ ወደብ ያዩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእናቴና ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቀድሞ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ግን ብዙ ነገር እየተዉ መጡ። ሻይ እንኳ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ ሰው ባለበት መጠጣትም አይወዱም። በየቅዳሜው የመርከቧን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ የሚያራግፉት እሳቸው ነበሩ። ይህንንም ተዉትና ሥራው ወደ እኔ ዞረ።

ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው። ለበዓል ቤት ሳጸዳ የነጠላዬ ዘርፍ ከመካከለኛው ምሰሶ ገመዶች ጋር መያዙን ሳላስተውል ዞር አልሁ። ቀጭን የመበጠስ ድምፅ ሰማሁ። ምሰሶው ባይሰበርም በቀኝ በኩል ካሉት ገመዶች ግማሾቹ ተበጥሰው፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል የተረበረቡት ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለው ቀሩ። ጋሼ የቀትር እንቅልፍ ላይ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳይነቁ ለመጨረስ ስል ከስፌት ሣጥኔ ጥቁር ክር አወጣሁና የተበጠሰውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሰርሁት። ራቅ ብዬ ስመለከተው ምንም አይልም። እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ የጠበቀ መሰለኝ።

ማታ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቡፌው ቀረቡ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ይህቺ መርከብ ከወደብ ሳትወጣ ምሰሶዋ ይወድቃል» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ግን እኮ የጌጥ ዕቃ ናት፤ የትም አትሄድ» ብዬ መለስሁ።

«የትም እንደማትሄድማ እኔም አውቃለሁ። መሄድ የምትችል ካልመሰለች ግን መርከብ አይደለችም፤ እንጨት ናት።»

ከዚያ በኋላ ወንበር ስበው ተቀመጡና ማስረዳት ጀመሩ። በብዙ ወራት ውስጥ እንደዚያ ምሽት ረዘም ላለ ጊዜ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም ነበር።

ድንኳን ሲተከል ያየች ሴት ነገሩ አይከብዳትም። ድንኳን በምሰሶው ብቻ አይቆምም፤ በየአቅጣጫው የሚወጥሩት ገመዶች አሉ። አንዱ ቢላላ ምሰሶው ወደ ሌላው ያዘነብላል። የሸራ መርከብም እንዲሁ ነው። ገመዶቿ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቋሚ ገመዶች ናቸው፤ ሥራቸው ምሰሶውን ይዞ ማቆም ብቻ ነው። ከምሰሶው ራስ ወደ ፊት የሚወርደው ወፍራም ገመድ ምሰሶው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ከግራና ከቀኝ ወደ መርከቡ ጠርዝ፣ ጥቂት ወደ ኋላ አዘንብለው የሚወርዱት የጎን ገመዶች ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ፊት እንዳይወድቅ ይይዙታል።

ሁለተኛዎቹ ተንቀሳቃሽ ገመዶች ናቸው። ሸራውን ወደ ላይ የሚስቡት፣ የሚያወርዱት፣ ሸራው የተሰቀለበትንም አግዳሚ እንጨት እንደ ነፋሱ አቅጣጫ የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። እነዚህ በመዘውር ውስጥ እያለፉ ይመላለሳሉና መለስለስ አለባቸው። ቋሚዎቹ ከዝናብና ከጨው እንዲጠበቁ በደንብ ዝፍት ይቀቡ ስለ ነበረ መልካቸው ወደ ጥቁር የተጠጋ ቡናማ ነው። ተንቀሳቃሾቹ ግን የቃጫነት መልካቸውን እንደያዙ፣ የደረቀ ሣር እንደሚመስሉ ይቀራሉ። ስለዚህ የትንሽ መርከብ ገመድ የሚያስር ሰው መጀመሪያ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ክር ማዘጋጀት ይኖርበታል ማለት ነው። ነጭ በረዶ የመሰለ ክር በመርከብ ላይ ቦታ የለውም። ፍጹም ጥቁርም ቢሆን ለትንሽ ዕቃ ይከብዳል።

እኔ ምን አድርጌ ነበር? ሁሉንም በአንድ ጥቁር ክር አስሬአለሁ። የፊተኛውን ገመድ ከመጠን በላይ ስቤ ምሰሶውን ወደ ፊት አጉብጬዋለሁ። በመዘውር ማለፍ የነበረበትን አንዱን ገመድ በቀጥታ ከምሰሶው ጋር ቋጥሬዋለሁ፤ በእውነተኛ መርከብ ላይ ቢሆን ያ ሸራ ማዕበል ቢመጣ እንኳ የማይወርድ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቋጠሮዬ ነበር።

ጋሼ ከመርከቧ ጋር የመጣውን ወረቀት ከመሳቢያ አስወጥተው አስነበቡኝ። መርከቧ ከእውነተኛዋ በ72 እጥፍ ታንሳለች። እንግዲህ 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ በእርሷ ወለል ላይ ቢቆም ቁመቱ 2.4 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ከወፍራም ወረቀት ይህን የሚያህል ሰው ቆርጬ እንዳቆም አዘዙኝ። ቆረጥሁና አቆምሁት።

«አሁን ቋጠሮሽን ከእርሱ ጋር አስተያዪው» አሉ።

ቋጠሮዬ 3 ሚሊ ሜትር ነበር። በ72 ሲባዛ ከ21 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ከወረቀቱ ሰው አጠገብ ሲታይ ልክ የራሱን ያህል ሆነ። ይህን ካየሁ በኋላ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። ጋሼ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ደራርበው፣ «እኔ እነግርሻለሁ፤ እጁ ያንቺ ይሁን» አሉኝ።

ይህች የወረቀት ሰው ለማንኛውም የዚህ ሥራ ጀማሪ ታላቅ ረዳት ናትና አንባቢዎቼ ያዙልኝ። ገመዱን በመዳፉ ሊጨብጠው ይችላል ወይ? መሰላሉን ሊወጣው ይችላል ወይ? ከቆመበት ቦታ ገመዱን ስቦ ማሰር ይችላል ወይ? መልሱ «አይችልም» ከሆነ ሥራው ተሳስቷል። የክሩን ውፍረትም በዚሁ ሒሳብ ማግኘት ይቻላል። በቀድሞው ዘመን ገመድ የሚለካው በዙሪያው ነበር። በትልቅ የጦር መርከብ ላይ የዋናው ምሰሶ የፊት ገመድ ዙሪያው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ወርዱ 14 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በ72 ሲካፈል 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መርከበኛ በእጁ የሚስበው፣ ዙሪያው 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ገመድ ግን ከሚሊ ሜትር ሲሶ አይበልጥም። በአንዲት መርከብ ላይ ይህን ያህል የውፍረት ልዩነት አለ። ሁሉን በአንድ ክር የሚያስር ሰው የመርከቧን መልክ የሚያጠፋው ስለዚህ ነው።

እነዚህን ቋጠሮዎች መጀመሪያ ያሰረቻቸው ማን ነበረች? «ነበረች» ማለቴ በስሕተት አይደለም። መርከቧ የተሠራችው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በሞሪሸስ ደሴት ነው። ይህች አገር ነጻነቷን ባገኘችበት እ.ኤ.አ. በ1968 ጆዜ ራማር የተባለ ሰው በኪውርፒፕ ከተማ ትንንሽ መርከቦች መሥራት ጀመረ። ሥራው ገበያ አገኘና ሌሎች ወርክሾፖች ተከተሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ በሰሜኑ ክፍል ጉድላንድስ በምትባል ከተማ አንድ የታወቀ ወርክሾፕ ተቋቋመ። የመርከቦቹ ገላ የሚሠራው ከቲክና ከማሆጋኒ እንጨት ነው። ትልልቆቹ እስከ 400 ሰዓት ሥራ ይፈጃሉ። በነዚህ ወርክሾፖች የተለመደው የሥራ ክፍፍል ወንዶቹ እንጨቱን እንዲቆርጡና እንዲያዋቅሩ፣ ሴቶቹ ገመዱን እንዲያስሩና ሸራውን እንዲሰፉ ነው። ሸራው አዲስነቱ ጠፍቶ ባሕር የመታው እንዲመስል በሻይ ይነከራል።

የእኛዋ መርከብ ስሟ ሴን ዤራን ይባላል። እውነተኛዋ ሴን ዤራን የፈረንሳይ የንግድ ኩባንያ መርከብ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ1744 ከሞሪሸስ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሚገኘው የኮራል ድንጋይ ጋር ተላትማ ሰጥማለች። ከውስጧ የተረፉት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በርናርዳን ደ ሴን ፒዬር እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው «ፖልና ቪርዢኒ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ወጣቷ ቪርዢኒ የምትሞተው በዚህችው መርከብ ላይ ነው።

ጋሼ መርከባቸው ፖርት ሉዊስ በቆመችበት ጊዜ አንዱን ወርክሾፕ ገብተው አይተዋል። «በፊት ለፊት ያለው ክፍል የመጋዝ ድምፅ ነው። ከጓዳ ግን ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ወረንጦ ይዘው ያስራሉ። አንዷ ከጎረቤቷ ጋር እየተጫወተች፣ ዐይኗን ከቋጠሮው ሳትነቅል ታስር ነበር። እኔ ሠልጥኜ በገመድ ላይ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እንደ እርሷ ያለ እጅ አላየሁም» ሲሉ ነገሩኝ። ወረቀቱን እንደገና አገላብጬ አነበብሁት። የመርከቧ ስም፣ የሰጠመችበት ዓመት፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የልኬቱ መጠን ሁሉ ተጽፏል። ያቺ ሴት ግን የለችበትም።

ወደ ሥራው እንመለስ። የመጀመሪያው ችግር ክሩ ነበር። የስፌት ክር ቀጭን ነው፤ ደራርቦ ማሰር ደግሞ ገመድ አያስመስልም። እናቴ እስከዚያ ድረስ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ ብቅ አለችና፣ «ምን ያከራክራችኋል? ይኼ የፈትል ሥራ አይደለም ወይ?» አለች። እውነቷን ነበር።

ገመድ የሚሠራው በማክረርና መልሶ በማክረር ነው። ቃጫው መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ይከርራል፤ ከዚያ ብዙው ፈትል በአንድነት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ተከርሮ ጥንድ ይሆናል፤ ሦስቱ ጥንድ ደግሞ እንደገና ወደ መጀመሪያው አቅጣጫ ይገመዳሉ። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው እየጠበቀ ስለሚይዘው ገመዱ ራሱን በራሱ ይቆልፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ነገር እዚህ ላይ በዐይን ይታያል። እንግሊዝ አገር ቻተም በተባለው የባሕር ኃይል ስፍራ እስከ ዛሬ የቆመው የገመድ መሥሪያ ቤት ርዝመቱ 346 ሜትር ያህል ነው፤ ረጅም ገመድ ሳይቀጣጠል ለመግመድ ያን ያህል ቦታ ያስፈልግ ነበርና። በዚህ ቤት የእንፋሎት መኪና ከገባ በኋላ፣ ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በመፍተያው ክፍል የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ፖርትስመዝ ወደብ የምትገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1765 ባሕር የወረደችው ቪክቶሪ የተባለች የጦር መርከብ ብቻዋን 42 ኪሎ ሜትር ያህል ገመድ ትይዝ ነበር። አንዲት መርከብ ምን ያህል ፈትል እንደምትፈልግ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እናቴ ሦስት የጥጥ ክር ወስዳ አንዱን ጫፍ በበሩ መዝጊያ ላይ አሰረች። እያንዳንዱን በእንዝርት ለብቻው አከረረች፤ ቀጥላ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋ እንዝርቱን በተቃራኒው አዞረችው። ክሮቹ በራሳቸው ተያይዘው ተጠቀለሉ። ጋሼ ጫፉን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አዩና፣ «ይኼ ገመድ ነው» አሉ። ለእናቴ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላስፈለጋትም።

ቀጥሎ የመጣው ሰም ነው። የጥጥ ክር ጸጉር አለው፤ በትንሽ መርከብ ላይ ይህ ጸጉር ሻጋታ ይመስላል። አቧራም ይይዛል። ስለዚህ ክሩ በንጹሕ የማር ሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎተታል፤ ከዚያም በጣቶች መካከል ሲታሽ በሙቀቱ ሰሙ ወደ ውስጥ ይገባል። ጸጉሩ ይተኛል፤ እርጥበትም በቀላሉ አይገባውም። ቀለሙ የሚነከረው ከሰሙ በፊት መሆኑን መርሳት አይገባም። ለተንቀሳቃሾቹ ቀጭን ሻይ፣ ለቋሚዎቹ ጥቁር ቡናማ የልብስ ቀለም ይበቃል። ከሻይ የወጣ ክርና ሸራ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ በጥላ መድረቅ አለበት።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ከስፌት ሣጥን አይወጣም። ወረንጦ፣ ቀጭን መርፌ፣ ስለታም መቀስና የኪሮሽ መርፌ ብቻ ነው። የኪሮሽ መርፌዋ ጣት በማይገባበት ቦታ ክሩን እየጠለፈች ታወጣለች። ጥቂት ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኖ በመርፌ ጫፍ በቋጠሮው ላይ ማስነካት ደግሞ እንዳይፈታ ያደርገዋል። ጫፉ የሚቆረጠው ኮላው ከደረቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተቆረጠ እንደ ድመት ጢም ቆሞ ይቀራል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ጋሼ አሥር ጊዜ ደጋግመው የነገሩኝ ነገር ነው፤ «ከታች ወደ ላይ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ።» መጀመሪያ የታችኛው ምሰሶ የጎን ገመዶች ይታሰራሉ፤ ከእነሱ በላይ የፊተኛው ገመድ ይጠለቃል፤ ከዚያ ወደ ላይኛው ምሰሶ ይታለፋል። አግዳሚዎቹና ሸራዎቹ የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እጅ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ያለቀውን ይበጥሳል።

የጎን ገመዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። አንድ ረጅም ገመድ ከመካከሉ ታጥፎ በምሰሶው ራስ ላይ ይጠለቅና ሁለቱ ጫፎች በአንድ ወገን ይወርዳሉ። መጀመሪያ የቀኙ ጥንድ፣ ቀጥሎ የግራው፣ ደግሞ የቀኙ፣ ደግሞ የግራው እየተባለ ይኬዳል። አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ምሰሶውን ያጣምመዋል። የእኔ ስሕተት አንዱ ይህ ነበር፤ የተበጠሰው የቀኙ ነውና ቀኙን ብቻ አጠበቅሁ። ግራው ሳይበጠስ ላልቶ ኖሮ አላየሁትም።

በገመዱ ጫፍና በመርከቡ ጠርዝ መካከል እንደ አዝራር ያሉ፣ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ክብ እንጨቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። በቀዳዳዎቹ ቀጭን ገመድ ይመላለስና የላይኛውን ወደ ታችኛው ይወጥረዋል። ገመዱ በላላ ጊዜ መርከበኛው እንደገና የሚያጠብቀው በዚህ ነው። የእንግሊዝ መርከበኞች «የሞተ ዐይን» ይሏቸዋል። የታችኛው እንጨት ሁለት ቀዳዳ ከላይ፣ አንድ ከታች ስለሆነ የራስ ቅል ይመስላልና ነው ይባላል። የላይኛው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ይሆናሉ። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ የሚያስር ሰው መርከብ የሚያውቅ እንግዳ የመጣ ዕለት ያፍራል። በጥንዶቹ መካከል ያለው ርቀትም እኩል መሆን አለበት፤ ለዚህም ቀጭን ሽቦ እንደ ፀጉር ማያዣ አጥፎ ሁለቱን ጫፎች በላይኛውና በታችኛው ቀዳዳ አስገብቶ መለካት ጠቃሚ ነው። መጨረሻ ቋጠሮውም ግራና ቀኙ ተስተካክሎ ምሰሶው ቀጥ ማለቱ ሳይረጋገጥ አይጠብቅም።

ከሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው መሰላሉ ነው። መርከበኞች ወደ ላይ የሚወጡት በጎን ገመዶቹ ላይ አግድም በታሰሩ ቀጫጭን ገመዶች ላይ እየረገጡ ነው። በእርከንና በእርከን መካከል በእውነተኛው መርከብ ከ33 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በእኛዋ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ነጭ ካርቶን ላይ በየ5 ሚሊ ሜትሩ መስመር አስምሮ ከገመዶቹ ኋላ ማቆም ዐይንን ያሳርፋል። ቋጠሮው ክሩ የጎን ገመዱን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ በራሱ ላይ ተሻግሮ፣ እንደገና ዞሮ በራሱ ሥር የሚያልፍበት ነው። በአንድ ወገን 6 የጎን ገመድና 30 እርከን ቢኖር 180 ቋጠሮ፣ በሁለቱም ወገን 360 ቋጠሮ ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ምሰሶ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና አግዳሚውን ክር ይስበዋል። ያን ጊዜ የጎን ገመዶቹ ወደ መሐል ይሰበሰቡና መሰላሉ ወገቡ ላይ ይቀጥናል። እኔም ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። ክሩ ተቀምጦ ሊያርፍ እንጂ ሊጎተት አይገባውም፤ ሰው ሲረግጠውም ጥቂት መርገብ ያለበት ገመድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የተንቀሳቃሽ ገመድ ትርፍ ጫፍ በመርከብ ላይ አይቆረጥም፤ ሸራ ሲወርድ የሚፈታው እርሱ ነውና ተጠቅልሎ በማሰሪያው ላይ ይሰቀላል። በትንሽ መርከብ ላይ ግን ክር ክብደት ስለሌለው ጥቅልሉ እንደ ምንጭር ይቆማል። ዘዴው ሁለት ምስማር በጣውላ ላይ መትቶ ክሩን በእነርሱ ዙሪያ ጠምጥሞ በቀጭን ኮላ ማስነካትና ሳይደርቅ የታችኛውን ጫፍ ወደ ታች ስቦ ቅርፁን ማስያዝ ነው። ሲሰቀል የራሱ ክብደት የጎተተው ይመስላል። ብዙ ያማሩ የመርከብ ሥራዎች ሰው የማያምናቸው ይህ ስለ ጎደላቸው ነው።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከሥራ ስመለስ እራት እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት እሠራ ነበር። እናቴ ከጎኔ ክር ታከራለች፤ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «አላላው»፣ «ተይው ይረፍ»፣ «አሁን ግራውን» ይላሉ። አንዳንድ ቀን ቋጠሮውን ትተው የምፅዋን ሳምቡኮች ያነሣሉ። የሸራቸው ቅርፅ ከዚህ የተለየ፣ ሦስት ማዕዘን መሆኑን፣ በንጋት ነፋስ ከወደቡ ሲወጡ ምን እንደሚመስሉ ያወሩናል። ሻይ ሲቀርብላቸውም በፊታችን ጠጡ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ያሰብሁት ነገር ቢኖር ስለዚያች የኪውርፒፕ ሴት ነው። ገመድ ማሰር ለእንጨቱ ሥራ ማሳመሪያ ተደርጎ ይታያል፤ እኔም ስቸኩል እንዲያ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መርከቧን ያቆማት ገመዱ መሆኑን አውቄአለሁ። በየቤታችንም እንዲህ «የማሳመሪያ» ስም የተሰጠው፣ ሲበጠስ ብቻ የሚታይ ብዙ ሥራ አለ። ስለዚህ በወረቀቱ ጀርባ፣ «ገመዷን መጀመሪያ ያሰረችው ስሟን ያልያዝነው የሞሪሸስ ሴት ናት» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም የእናቴን ስም፣ የእኔን ስምና ያደስንበትን ቀን ጨመርሁ። አንባቢዎቼም በቤታችሁ ያለውን የጥልፍ፣ የሸማም ሆነ የስፌት ሥራ ማን እንደሠራው ሳትረሱ ብትጽፉ መልካም ነው። የልጅ ልጅ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ላይኖር ይችላል።

መጨረሻ የቀረው ከመርከቧ በስተኋላ ያለው፣ ባንዲራውን የሚሰቅለው ገመድ ነበር። ወረንጦውን ለጋሼ ሰጠኋቸው። «ምን ልሁን ብለሽ ነው?» አሉና እጃቸውን ተመለከቱ። እናቴ፣ «ሞክር እንጂ፤ ማን ያስቸኩልሃል» አለቻቸው። ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ጀመሩ። አራት ጊዜ አመለጣቸው። ከቀትር በኋላ የተጀመረው መብራት ሊበራ ሲል አለቀ። ጋሼ የወረቀቱን ሰው አንሥተው ከቋጠሯቸው አጠገብ አቆሙት።

«የራሱን ያህላል» አሉና ሳቁ።

ሌላውን ቋጠሮ ሁሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈትቼ አስተካክዬዋለሁ። ያንን ግን አልነካሁትም።